የ12ኛ ክፍል "ፉል ፓኬጅ" ሾርት ኖት ቴሌግራም ላይ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ነው ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ናቹራል ነው፣ እና "ከ9 እስከ 12 የሁሉም ሰብጀክት ሾርት ኖት፣ በአዲሱ ካሪኩለም፣ 100% ፈተና ላይ የሚወጣ" እያሉ የሚሸጡት ነገር ሰሞኑን እንደ አሸን ፈልቷል። እኛ ገዝተናል። ማለቴ የገዛው እሱ ነው፣ ብሩ የእማዬ ነው፣ የተቃጠልኩት ደግሞ እኔ። የቻናሉን ስም አልጽፍም፣ ብጽፍም አይጠቅማችሁም፣ ስም መቀየር ለነሱ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። አሰራሩን ብታውቁት ይሻላል።

ፓኬጁ 1,500 ብር ነው ተባለ። "ለዛሬ ብቻ፣ ከነገ ጀምሮ 2,500" ይላል፣ ይሄ "ለዛሬ ብቻ" የሚለው ፖስት በኋላ ወደ ላይ ወጥቼ ሳየው ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አለ። ልጁ ቴሌብር አደረገ፣ ስክሪንሾት ላከ፣ ሶስት ሰአት ጠብቆ ሊንክ መጣለት፣ አወረደው፣ ፋይሉ ተቆልፏል። ፓስወርዱስ ሲል "ብሮ ፓስወርዱ ቪአይፒ ግሩፑ ውስጥ ነው ያለው፣ መግቢያ 300 ብር" አሉት። አስቡት፣ 1,500 ከፍለህ በሩ ድረስ ወስደውህ ቁልፉን ለብቻው ይሸጡልሃል። 1,500ው ከሚቀልጥ ብሎ 300ውንም ላከ። ከዛ ስልክ ላይ ማንበብ አይኑን ስላመመው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ 480 ገጽ አስፕሪንት አደረገ፣ በገጽ 4 ብር፣ በሁለት ጥራዝ ስፓይራል አስደረገው፣ አንዱ በ150። እኔ ቁጭ ብዬ ስደምረው 4,020 ብር። እማዬ ከእቁቧ ነው የሰጠችው "ለትምህርት ከሆነማ" ብላ።

ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንዴት እንደነቃሁ ልንገራችሁ። እሁድ ቤት ሄጄ ቡና እየተጠጣ ፊዚክስ ሲያጠና አየሁትና እንደ ቀልድ "እስቲ የብርሃን ፍጥነት ስንት ነው?" አልኩት። "324 ሜትር በሰከንድ" አለኝ፣ ፍርጥም ብሎ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፣ ጥራዙን ገልጦ ገጽ 11ን አሳየኝ፣ እውነትም "3 × 108" ተብሎ ተጽፏል፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ አባዝቶ 324 ብሎ ከቦታል። ገባችሁ? መጽሐፉ ላይ 8ቷ ከ10 በላይ ከፍ ብላ ነው የምትጻፈው፣ ማለትም 3 ሲባዛ 10 ለ8፣ 300 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከሆነ ቦታ ኮፒ ፔስት ሲያደርጉት ከፍ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ወርደው ከስር ካለው ጋር ተጣብቀዋል፣ አንድ ሰው እንኳን መለስ ብሎ አላየውም። ድምጽ እኮ በአየር ላይ ወደ 340 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል፣ በነሱ ኖት ከሄድን መብረቅ ሲመታ መጀመሪያ የምንሰማው ድምጹን ነው፣ ብልጭታውን በኋላ እናየዋለን 😂

ከዛ በኋላማ እየፈለግኩ መሄድ ሆነ ስራዬ። ኬሚስትሪው ላይ የአቮጋድሮ ቁጥር "6.02 × 1023" ሆኗል፣ 6 ሺ ምናምን ማለት ነው። የኤሌክትሮን ቻርጅ ደግሞ "1.6 × 10-19" ተብሎ ቀጥ ባለ መስመር ተጽፏል፣ እንዳለ ካልኩሌተር ላይ ብትከቱት -3 ይሰጣችኋል። እና ወንድሜ ሰነፍ አይደለም፣ ችግሩም እዚህ ጋር ነው፣ የተጻፈለትን በልቡ ይሸመድዳል። መምህሩ ያስተማረውና ኖቱ ሲጋጭበት ደግሞ ያመነው ኖቱን ነው፣ ለምን ቢባል ብር ከፍሎበታላ።

ባዮሎጂው ሌላ ጉድ ነው። ሽፋኑ ላይ በቀይ "ኒው ካሪኩለም" ይላል፣ ውስጡ ግን የ12ኛው ዩኒቶች ማይክሮኦርጋኒዝም፣ ኢኮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ኢቮሉሽን፣ ቢሄቪየር ናቸው። ይሄ እኔ የተማርኩት ነው! የድሮው መጽሐፍ ማውጫ እንዳለ። የአሁኑ 12ኛ ባዮሎጂ በአፕሊኬሽን ኦፍ ባዮሎጂ ጀምሮ ማይክሮኦርጋኒዝም፣ ኢነርጂ ትራንስፎርሜሽን፣ ኢቮሉሽን፣ ሂውማን ቦዲ ሲስተም እያለ ክላይሜት ቼንጅ ላይ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ልጁ ቢሄቪየርን ሁለት ሳምንት አጥንቶ ስለ ክላይሜት ቼንጅ አንድ መስመር የለውም። ሽፋኑን ብቻ ቀይረው አሮጌ ዕቃ ነው የሸጡለት፣ ልክ መርካቶ አሮጌ ጫማ በአዲስ ካርቶን እንደሚሉት።

የሶሻሉንም ጨምረው ስለላኩለት (ፉል ፓኬጅ አይደል) እሱንም አገላበጥኩት። ጂኦግራፊው ኢትዮጵያ 9 ክልል አላት ይላል፣ ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ እየተጨመረ እኮ አሁን 12 ደርሷል። ሂስትሪው የአድዋን ጦርነት 1888 ብሎ ከጎኑ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ጽፏል። 1888 በኛ ነው፣ በነሱ 1896። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ ምርጫው ላይ 1888ም 1896ም ቢደረደሩ የትኛውን እንደሚከብ እናንተው ገምቱ። ደግሞ አንድ ገጽ ግርጌ ላይ በእንግሊዝኛ "ቀጣዩን ምዕራፍ ላዘጋጅልህ?" የሚል ቀርቷል። ኤአይ አስጽፈው ጥያቄዋን እንኳን ሳያጠፉ ነው የሸጡት። ይሄን ሳይ መናደዱ ቀርቶ አፈርኩላቸው።

ሪፈንድ ጠየቅን። እኔ በወንድሜ ስልክ ገብቼ በትህትና ስህተቶቹን ፎቶ አንስቼ ገጹን ጠቅሼ ላክኩ። አድሚኑ "ወንድሜ ሌሎቹ 5,000 ተማሪዎች አልተማረሩም፣ አንተ ችግር አለብህ" አለ። ኮሜንት ላይ ልጻፍ ስል ኮሜንት ዝግ ነው። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ቻቱ በሙሉ ጠፍቷል፣ ከኛም ስልክ ላይ። ይሄን ያላወቃችሁ እወቁት፣ ቴሌግራም ላይ አንዱ ሰው ሲያጠፋ ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ከማንም ጋር በዚህ መንገድ ስትገበያዩ ገና ከመክፈላችሁ በፊት ያወራችሁትን፣ ዋጋውን፣ ቃል የገቡትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጉ። የቴሌብር ቴክስት ላይ ያለውን የግብይት ቁጥርም አታጥፉት፣ ከሳችሁ የት ልትደርሱ እንደምትችሉ እንጃ ግን ያለሱ መጀመርም አትችሉም። እኛ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

ስለ ሜምበሩም ልበል። ቻናሉ 60 ሺ ሜምበር አለው ብሎ ነው ወንድሜ ያመነው። አንድ ፖስት ላይ ያለውን የአይን ምልክት እዩት፣ ስንት ሰው እንዳየው ይነግራችኋል፣ 60 ሺ ሜምበር ይዞ ፖስቶቹን 400 ሰው እንኳን የማያያቸው ከሆነ ያ ሜምበር በብር የተገዛ ሳይሆን አይቀርም። "አመሰግናለሁ ብሮ 560 አመጣሁ" የሚሉት ስክሪንሾቶችም ስም ተሸፍኖ የተለጠፉ ናቸው፣ እኔም አሁን ቁጭ ብዬ አስር መስራት እችላለሁ።

ልጆቹ ላይ ግን አልፈርድም፣ እናንተም አትፍረዱ። 2014 ላይ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50% እና ከዛ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3% ብቻ ነው፣ በቀጣዩ አመት 3.2፣ ከዛ 5.4፣ 2017 ላይ ተሻሻለ ተብሎ 8.4። ይሄን ቁጥር እየሰማ ያደገ ልጅ መጨነቁ ይነሰው? ወንድሜ ክፍል የታተመ መጽሐፍ ለሶስት ልጅ አንድ ነው። ሻጮቹ የሚሸጡት ጭንቀቱን ነው፣ ኖቱ ሰበብ ነው።

ደግሞ በዚህ አያበቃም። ቪአይፒ ግሩፑ ውስጥ ከወዲሁ "ፈተናው ሲደርስ ቀድመን እንለቃለን፣ 5,000 ብር አዘጋጁ" የሚል ነገር ተጀምሯል። እኔ የ2008 ተፈታኝ ነኝ፣ ግንቦት ላይ እንግሊዝኛው ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ እዛው ነበርኩ፣ ሐምሌ ላይ ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ ነው እንደገና የተፈተንነው። ያኔ እንኳን የወጣው ሲወጣ በነጻ ነው የተበተነው። አሁን ደግሞ ልጆቹ ስልክ ሳይዙ ነው የሚፈተኑት፣ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ነገር በምን ሊያዩት? 5,000 ብር የምትልኩለት ሰው ምንም እንደሌለው ከናንተ በላይ ያውቃል።

እና ምን ይደረግ ካላችሁ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። የተማሪ መጽሐፎቹ በፒዲኤፍ በነጻ ይገኛሉ፣ ከማንም ኖት በፊት የሰብጀክቱን መጽሐፍ አውርዱና ማውጫውን ክፈቱ። የሚሸጥላችሁን ኖት ዩኒት በዩኒት ከማውጫው ጋር አስተያዩት፣ አንድ ዩኒት እንኳን ካልገጠመ በቃ ተዉት። ሳምፕል ሲሏችሁ ሽፋንና መጀመሪያ ገጽ አትቀበሉ፣ እሱን ሁሉም ያሳምረዋል፣ "የፊዚክስ ዩኒት 4ን መሀል ገጽ ላክልኝ" በሉት፣ 10 ለምናምን የሚል ቁጥር ያለበትን። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ፋይሉ ይቆለፋል ወይ ብላችሁም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኖት በጠቅላላው ይቅር እያልኩ አይደለም። የወንድሜ የኬሚስትሪ መምህር በእጁ የጻፋት 30 ገጽ አለች፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉ ብሎ ነው በነጻ የሰጣቸው፣ ከ480ው ገጽ እሷ ትበልጣለች፣ የማትነበብ የእጅ ጽሁፍ ብትሆንም። አሁን ወንድሜ መጽሐፉን እያየ የራሱን እየጻፈ ነው፣ በቀን አራት አምስት ገጽ። ያን ጥራዝ ለመጣል ሆዱ እምቢ ስላለው ባዶ ጀርባውን ለማቲማቲክስ መለማመጃ እየተጠቀመበት ነው፣ እማዬ "ቢያንስ ወረቀቱ ጠቀመ" ትላለች (ሙሉውን ታሪክ አልነገርናትም)።

ትናንት ማታ አንድ ጓደኛው ሌላ ስም ያለው ቻናል ላከለት፣ ያው ሽፋን፣ ያው ቀይ ጽሁፍ፣ ዋጋው 1,800 ገብቷል። ከዚህ ፓኬጅ የገዛ ካለ እባካችሁ ፊዚክሱን ገጽ 11 ገልጣችሁ የብርሃን ፍጥነትን እዩና ንገሩኝ፣ አስተካክለውት እንደሆነ።