የቼንሶ ካርቡራቶር አሻሽለን ጉልበት እንጨምራለን ለሚሉ ጠጋኞች ገንዘብ እንዳትከፍሉ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሕር ዛፍ በመቁረጥ፣ ጣውላ በመሰንጠቅ ወይም የቡና ጥላ በመመልመል የምትተዳደሩ ወገኖች፣ ቼንሶ (በሞተር የሚሠራ የእንጨት መጋዝ) ለብዙዎቻችሁ የዕለት እንጀራ መሆኑን ስለማውቅ ይህን ማስጠንቀቂያ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ሰሞኑን አንዳንድ ጠጋኞች፣ በተለይ የገጠሩ ሰው ለሐሙስ ገበያ ወደ ከተማ በሚገባበት ቀን፣ «ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማሽኑ ነዳጅ ያንሰዋል፤ የካርቡራቶሩን ቀዳዳ አስፍተን ጉልበቱን እንመልስለታለን» እያሉ ቀላል የማይባል ገንዘብ እየተቀበሉ ነው። ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ሲሆን፣ ቀዳዳው ቤንዚኑ የሚያልፍበት ነው። የጠጋኞቹ አባባል ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው፤ ሥራውም ደህናውን ሞተር ያበላሻል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ወደ ሞተሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ካርቡራቶሩ ግን የሚያስገባውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ዝቅ ባለ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ማሽን እዚህ ሲደርስ ነዳጁ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ቀዳዳውን ማስፋት በበዛው ላይ መጨመር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ይህ በአየሩ መሳሳት የጠፋ ጉልበት ደግሞ በካቻቢቴም ሆነ በድሪል አይመለስም።

ማታለሉ የሚፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ ቼንሶዎች ካርቡራቶር ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ፦ «ኤል» የሚባለው በሚኒሞ (የነዳጅ መስጫው ወይም መንጃው ሳይነካ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) እና ሞተሩ ሲነሣ የሚገባውን ነዳጅ፣ «ኤች» የሚባለው በሙሉ ፍጥነት የሚገባውን ነዳጅ ሲወስን፣ ሦስተኛው የሚኒሞውን ፍጥነት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቀዳዳው የሰፋበት ማሽን እየታፈነ ጭስ ሲያበዛ፣ ጠጋኙ ፋብሪካው ብሎኖቹ ከልክ በላይ እንዳይዞሩ የገጠመባቸውን የፕላስቲክ ቆብ ነቅሎ ይጥልና ኤችን ወደ ቀኝ ያጠብቀዋል፤ ነዳጁ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ያለ ሥራ ሲነዳ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል። ባለቤቱ ጩኸቱን ጉልበት ነው ብሎ ይከፍላል። ነገር ግን የቼንሶ ሞተር እንደ መኪና ለብቻው የሞተር ዘይት የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ብቻ ሲሆን፣ ልኩ 50 ለ1 በሆነበት ማሽን ይህ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ነዳጁ ሲቀነስ ዘይቱም አብሮ ይቀነሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል።

አንድ ጎረቤቴ በዚህ መንገድ «የተሻሻለ» ባለ 72 ሲሲ ቼንሶ ይዞ ለሥራ ወደ ጊቤ በረሃ ወረደ። ቆላው 1,100 ሜትር አካባቢ በመሆኑ አየሩ ወፍራም ነው፤ ጅማ ላይ ያነሰው ነዳጅ እዚያ ይበልጥ አነሰ፣ ሞተሩም በመጀመሪያው ቀን ተጣብቆ ቆመ። ማሽኑን አብረን ስንፈታው፣ ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጥጦ ቀለበቱ ከቦዩ አልወጣ ሲል፣ በካርቡራቶሩ በኩል ያለው ጎኑ ግን የፋብሪካው የማሽን መስመር ሳይጠፋ ያብረቀርቅ ነበር። የካርቡራቶሩ የናስ ቀዳዳ ጠርዝ በድሪል ተቦጭቆ ሻካራ ሆኗል። የኤች ብሎን ሹል ጫፍ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጠብቆ መቀመጫው ላይ ስለተጫነ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ወጥቶበታል፤ እንዲህ የሆነ ብሎን ከዚያ በኋላ በትክክል አይስተካከልም። ፒስተንና ሲሊንደር መቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በዚያው ሥራ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነገር አለ። ማሽኑ እንዳይጠፋ ሲባል ሚኒሞው ከፍ ተደርጎ ስለነበር፣ መንጃው ሳይነካ ሰንሰለቱ ይዞር ነበር። በሚኒሞ ሰንሰለቱ የሚዞር ቼንሶ የሰው እግር ይቆርጣል፤ ከማንም ጠጋኝ እጅ በዚህ ሁኔታ እንዳትቀበሉ።

ማሽናችሁ ጉልበት ካነሰው አስቀድማችሁ የአየር ማጣሪያውን፣ የማርሚታውን ወንፊትና ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ተመልከቱ። ቤንዚን በሃይላንድ በሚሸጥበት ጊዜ አቧራና ውሃ አብሮ ስለሚገባ፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት ትደፈናለች። ነዳጁን የሚመጥነው ስስ ዲያፍራምም በዘመን ብዛት ይደርቃል። የዚህ መድኃኒት ማጽዳትና የዲያፍራም ኪት መቀየር ነው፤ ድሪል የሚያስነሣ አንዳች ነገር የለውም። በኮምፒዩተር ራሱን የሚያስተካክል ካርቡራቶር ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች፣ ለምሳሌ የስቲል ኤም ትሮኒክ ወይም የሁስክቫርና አውቶቲዩን፣ እንደ ኤልና ኤች ያለ የሚዞር የነዳጅ ብሎን የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ «ብሎን አስተካክያለሁ» ብሎ የሚያስከፍል ሰው ያልሠራውን ነው የሚያስከፍለው።

በብሎን የሚስተካከለውን ማሽን ስትረከቡ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። በትክክል የተስተካከለ ቼንሶ እንጨት ሳይነካ ድምፁ ትንሽ ሻካራና የተቆራረጠ ይሆናል፣ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይጠራል። ያለ ሥራ ጥርት ብሎ የሚጮኸውን አትቀበሉ፤ የድምፁ ማማር ለሞተሩ መቃጠል ምልክት ነው።

ካርቡራቶር መለወጥ አለበት ከተባላችሁም አሮጌውን ለጠጋኙ አትተዉ። ኦርጅናሉን ለራሳቸው አስቀርተው ፎርጅድ የሚገጥሙ አሉና፣ ማሽኑን ከማስረከባችሁ በፊት የካርቡራቶሩን አካል ከነተቀረጸበት ስምና ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ዋልብሮ፣ ዛማ ወይም ቲሎትሰን የሚል ይሆናል። የተሠራውን ሥራና የተለወጠውን ዕቃ የሚዘረዝር ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቀዳዳው የሰፋበት ካርቡራቶርና የተቧጠጠው ፒስተን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ዋና ማስረጃ ናቸው፤ ስለዚህ ሌላ ጠጋኝ ጋር ብትሄዱም እንኳ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ከእጃችሁ አታውጡ።