ለጎርፍ መውረጃ ሠራተኞቻችን ምስጋና፣ ለጎንደር ሰውም ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች ሥራቸው ከመሬት በታች ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሪባን ሲቆረጥ ስማቸው የማይነሳው። በመልሶ ማልማቱ የሰፈራችን መንገድ ሲሰፋ የጎርፍ መውረጃውን የገነቡልን ልጆችና ፎርማናቸው ናቸው። እጃችሁ ይባረክ!

ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ቁልቁለቱን ይዞ እየጋለበ ይመጣል። ከፒያሳ በታች ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። የድሮዋ ጠባብ ቦይ በአፈርና በሃይላንድ ፕላስቲክ ትደፈናለች፣ ጎርፉም በበር ይገባል። ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ቁጭ ብለን ያደርንበት ሌሊት ብዙ ነው።

ይሄ ፎርማን ተዳፋት ላይ ቀልድ አያውቅም። ውሃ ልኩ ከእጁ አይለይም። አንድ ቀን ተገንብቶ ያለቀ ቦይ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ከነገለባው ደፋ። ውሃው አለፈ፣ ገለባው ግን እኛ በር ፊት ለፊት ቆመ። “ገለባ ያቆመ አፈርም ያቆማል” አለና ያንን ቁራጭ አስፈርሶ እንደገና አሠራው። ተቆጣጣሪም አልነበረም፣ ያዘዘውም የለም። ክዳኖቹንም ሁለት ሰው በብረት የሚያነሳቸው አድርገው ሠሯቸው። የማይከፈት ቦይ አይጠረግማ!

ሌላም ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን የመጸዳጃ ጉድጓዱን ትርፍ ከቦዩ እንዲያገናኙለት ብር ሊጨምርላቸው ፈለገ። “ጋሼ፣ ይሄ የዝናብ ውሃ ነው፤ አንገረብ ነው የሚገባው” ብለው እምቢ አሉት። አንገረብ የገባው ደግሞ በመገጭ አድርጎ ጣና ይደርሳል።

ስለ ገንዘቡም የምለው አለኝ። መልሶ ማልማት ሲባል ዓይን የሚገባው አስፋልቱ፣ መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ነው። ነገር ግን አፈር የነበረው ሁሉ አስፋልትና ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረው ውሃ መንገድ ላይ ይወጣል። ጎርፉን የጨመረው ግንባታው ነው። ስለዚህ መውረጃውም ከዚያው ከግንባታው በጀት መከፈል አለበት። “በሚቀጥለው ዓመት በመደበኛ በጀት ይታያል” ከተባለ ክረምቱ ይቀድማል፣ አዲሱ አስፋልትም መልሶ ይቆፈራል። ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረው የ117 ከተሞች የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥም ኮብልስቶንና የጎርፍ መውረጃ አብረው ነበሩ። በእኛ ሰፈር ቦዩ ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ እንዲሠራ የወሰናችሁ የከተማው ሰዎች፣ እናንተንም ከልብ አመሰግናለሁ። በዚሁ ቀጥሉበት።

አጥራቸው የፈረሰ፣ ከይዞታቸው የተነሱ ጎረቤቶቻችንን ግን አትርሱብን። ቦዩ ያለፈው በእነሱ መሬት ላይ ነው። ካሳቸው ሳይጓተት ይከፈላቸው።

አሁን ወደ ጥቆማው። ልጆቹ በማህበር የተደራጁ ናቸው፣ የግለሰብ ሥራም ይቀበላሉ። የግቢያችንን ውሃ ከዋናው ቦይ ያገናኙልን እነሱ ናቸው። ወጪውን ከጎረቤት ጋር ተዋጥተን ነው የቻልነው። መጥተው ይለካሉ፣ የእጅ ዋጋውን ከዕቃው ለይተው ይነግሯችኋል፣ ዕቃ ሲገዙም ደረሰኝ ያመጣሉ። ከቱቦው በፊት አፈር የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ይሠሩላችኋል፤ “አያስፈልግም” ብላችሁ እንዳታስቀሩት። እሱን በየጊዜው መዛቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፎርማኑን አስፈቅጄዋለሁ። ሰኔ ከገባ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቶሎ ያዟቸው።