ከፕላስቲክ ቆሻሻ የተሠራ አግዳሚ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

ፍኖተ ሰላም ዳር ያለው የቤተሰባችን ወፍጮ ቤት ከዋናው መንገድ የሚለየው በ10 ሜትር መረሬ መሬት ብቻ ቢሆንም፣ ሐምሌ ሲገባ ያቺ 10 ሜትር አህያም ጋሪም የምታስቀር ማጥ ትሆናለች። ለዓመታት የባህር ዛፍ አጠና እየረበረብን፣ ምስጥ እንዳይበላውም የተቃጠለ ዘይት እየቀባን ኖርን። አጠናው ግን ከሦስት ክረምት በላይ አይዘልቅም ነበር፤ ዘይቱም በዝናብ እየታጠበ የጎረቤት ጉድጓድ ወዳለበት አቅጣጫ ይወርድ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ አነስተኛ ማምረቻ፣ ከቀለጠ የፕላስቲክ ቆሻሻ የተሠራ፣ እንደ እንጨት መሬት ላይ የሚጋደም 18 አግዳሚ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ 2 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። የከፈልኩት ዋጋ ያንኑ ቦታ በአጠና ለመሸፈን ከሚበቃው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

አስተያየቴ ከተራ ገዢ አስተያየት ትንሽ የሚለይ ከሆነ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ድሬዳዋ ላይ በሐዲድ ጥገና ስሠራ ስለኖርኩ ነው። ጎጃም እስከ ዛሬ ሐዲድ የለውም፤ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልድያ የሚደርስ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ሠፍሮ እንደነበር የሚያስታውስ ግን አይጠፋም። እኔም አግዳሚዎቹን በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በጠጠር ላይ አጋድሜ፣ የጋሪ ጎማ የሚሄድባቸው ሁለት የቻነል ብረቶች በብሎን አሰርኩባቸው። ልጆቼ «አባታችን ባቡሩን ጎጃም አስገባው» ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

ባቡር ሐዲድ ሥር የሚጋደመው አግዳሚ (ስሊፐር) ሁለት ሥራ አለው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት እንዳይዛነፍ ይይዛል፣ የባቡሩን ክብደትም ለጠጠሩ ያከፋፍላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ሲሆን፣ አግዳሚዎቹ በአብዛኛው እንደተደፋ ገንዳ ያሉ የብረት ነበሩ፤ ምስጥ አይበላቸውም፣ የቆላው ፀሐይም አይሰነጥቃቸውም። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተዘረጋው በኮንክሪት ላይ ነው። የኮንክሪት ስሊፐር ብዙ ጊዜ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲሚንቶውን ለማምረት የሚቃጠለው ነዳጅና ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ አየርን የሚጎዳ ዕዳ ነው። እንጨቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ክሪዮሶት ካንሰር አምጪ ተብሎ በአውሮፓ ጥብቅ ገደብ ተጥሎበታል። ከፕላስቲክ የተሠራ አግዳሚ ለሐዲድ የታሰበው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ዊልትሻየር በሚገኘው የሸሪንግተን ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 እንጨቱ ተነሥቶ በእርሱ ተተክቷል።

የገዛሁትን ዕቃ ለማመስገን የሚበቃ ምክንያት አለኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሣዋል፤ በሁለት ክረምት ውስጥ አንድም አልበሰበሰም፣ ምስጥም አፈር አልብሶ ዳር ዳሩን ከመዞር ያለፈ ነገር አላደረገም። ዘይት መቀባቱም ቀረ። አንዱን ለማሳጠር በመጋዝ ስቆርጠው፣ በጥቁሩ መካከል ሳይቀልጥ የቀረ ቀይ የጠርሙስ ክዳን እንደ ዓይን ብቅ ብሎ አየሁ። ይህ ሲታይ ደስ ቢልም ለሠራተኛ የሚነግረው ነገር አለ፤ ሙቀቱ ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም ማለት ነው። እንደ ፈራሁትም ከ18ቱ አንዱ መሐሉ ባዶ ሆኖ በበቆሎ ጋሪ ሥር ተሰነጠቀ። ማምረቻው ለመተካት ሁለት ወር አመላለሰኝ፤ በመጨረሻ ግን ተክቶልኛል። በመጋዝ ሲቆረጥ የሚረግፈው ብናኝም ተጠርጎ ካልተሰበሰበ ቦይ ገብቶ ወንዝ ይደርሳልና፣ ከሥሩ ሸራ አንጥፎ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። የአንዱ አግዳሚ ጫፍና የግንቡ አጥር በተቀራረቡበት ቦታ፣ ሚያዝያ ላይ ጠዋት ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ደርቤ ከተትኩ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ላወጣቸው ብሞክር ግንቡና አግዳሚው ጥርቅም አድርገው ይዘዋቸው በጣቴ አልወጡልኝም። ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ብረት የሚታሰርበት ቀዳዳ ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ካላለና ሰፊ ዋሸር ካልገባበት፣ ብሎኑ በየቀኑ ቀዳዳውን እየፋቀ ይላላል። የእኔዎቹ በስድስት ወር ውስጥ ላልተዋል። በመዶሻ መታ መታ ሳደርጋቸው የጠበቀው እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የላላው ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ይህን ጆሮዬ ገና አልረሳውም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን በዕቃው ላይ ሳይሆን ሲሸጥ በተነገረው ቃል ላይ ነው። ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ይኼ አንዴ ከተጋደመ ዞር ብለው አያዩትም» ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ቦዩ በደለል ተደፍኖ ጭቃው ጠጠሩን አፈነው፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥር አግዳሚው ወደ ታች እየሰጠመ ቡናማ ውኃ ከሥሩ ይተፋ ጀመር። በሐዲድ ላይም ይኸው ነገር ይደርሳል፤ ውኃ መውጫ ያጣ ጠጠር አግዳሚው ብረትም ይሁን ኮንክሪት ወይም ፕላስቲክ አይሸከመውም፣ ሐዲዱም በዚያ ቦታ እየጎበጠ ይሄዳል። እኔም ቦዩን ጠርጌ፣ ጠጠሩን አውጥቼ አጥቤ፣ አምስቱን አግዳሚዎች በክሬን ሳይሆን በዶማ እጀታ እያነሣሁ ከሥራቸው መልሼ ጠቀጠቅሁ፤ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ዕቃው ለአካባቢ ተስማሚ የሚሆነው ሙሉ ዕድሜውን ሲያገለግል ብቻ በመሆኑ፣ በሦስተኛው ዓመት በግዴለሽነት ተሰብሮ የሚጣል ፕላስቲክ ከአጠናው የሚሻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከክምሩ አንዱን መርጦ ዓይኑ እያየ እንዲያስቆርጥ፣ መሐሉን አይቶም እንዲከፍል እመክራለሁ። ለምድጃና ለከሰል ቅርብ በሆነ ቦታ ደግሞ አይጋደም፤ ይቀጣጠላል። እኔ በጓሮ በኩል ላለው መግቢያ ስድስት ጨምሬ አዝዣለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ የቆፈርኩት ቦዩን ነው።