ዘይት የማትበላው ሞተር፦ ያገለገለች ያማሃ ኤጂ 100 ከዐሥር ወር በኋላ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት በ92 ሺህ ብር ያገለገለች ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ገዛሁ። እነሆ ዐሥር ወር ሞላን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ስለማይሠራ በግምት ልናገር፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። አንዴ ጭቃ ላይ ይዛኝ ወድቃለች። አንዴ ደግሞ ሞተሯን በገዛ እጄ አቃጥዬዋለሁ። ስለ ሁለተኛው ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሆኖ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊደርስበት ይችላል።

መምህርት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ የማስተምረው ከቱላ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ደርሶ መልሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሚኒባስ ጠብቄ፣ ከዚያ ባጃጅ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ እጨርሰው ነበር። ሰልፍ የበዛ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈኛል። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ክረምት ላይ ነው፤ በማሰልጠኛው ሞተር ስምንት ቁጥር ዞሬ ፈተናውን አለፍኩ። ስምንት ቁጥር መዞርና ከሲኖትራክ ጎን መንዳት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም።

ይህችን ሞተር ገጠር ያደገ ሰው በድምፅዋ ያውቃታል። የግብርና ባለሙያውና የክትባት ሠራተኛው የሚመጡባት፣ ከፊትም ከኋላም የብረት መጫኛ ያላት ናት። መጀመሪያ የታሰበችው ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ሲሆን፣ እኛ ዘንድ በብዛት የምትታወቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት እጅ ነው። ሞተሯ 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ አምስት ማርሽ ነው። በእግር ተመትታ እንጂ በቁልፍ አትነሣም። የመረጥኳት ስለ ቀለለችኝ ነው። ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝን ባለ 150 ሲሲ ሞተር ከማቆሚያው ላይ ማንሣት አቃተኝ፤ ይህችን ግን ገፋ አድርጌ አዞርኳት። ለጀማሪ ከፍጥነቷ በፊት ክብደቷን መሞከር ይበጃል፤ ብትወድቅ የምታነሣት ራስህ ነህና።

ሻጩ ከጨረታ ገዝቶ ሁለት ዓመት የነዳት ሰው ነው። 115 ሺህ ብሎ ጀመረ። ደላላው «እህቴ፣ ቆጣሪዋን እዪ እስቲ፤ ዐሥራ ስምንት ሺህ ላይ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ ላይ ናት፤ ካቦው ተበጥሶ እዚያው ላይ ከቆመች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ። ይህንን ይዤ ተከራክሬ ወደ 92 አወረድኩት። ሁለት በመቶ ኮሚሽን ለደላላው ከፈልኩ።

በወረቀት በኩል ጠንቃቃ ነበርኩ፤ ቢያንስ በዚህ አልታማም። ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከመንግሥት ቤት የወጣ ሞተር ከቀረጥ ነጻ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጡ ተከፍሎ በግል ሰሌዳ መመዝገቡን ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ማየት ያስፈልጋል። የቻንሲ ቁጥሩን መሪው ሥር ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጠርጌ፣ ፊደል በፊደል ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከተጣራ በኋላ ውል ተዋውለን ስሙ ዞረልኝ። «በውክልና ንጃት፣ ስሙን ቀስ ብለሽ ታዞሪያለሽ» ያለኝ ሰው ነበር። ሻጩ ነገ ቢሞት ወይም ቢከሰስ የእኔ ሞተር የእሱ ንብረት ሆና ልትቆጠር አይደል? አልሰማሁትም። ከአዲስ አበባ የምታነቡ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል።

ወረቀቱን እንዲህ የመረመርኩ ሰው ሞተሩን ያስመረመርኩት መኪና ብቻ በሚያውቅ አማቼ ነበር። ለሞተር መካኒክ 500 ብር መክፈል ከበደኝ። አማቼ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ናት» አለ።

የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት ከታቦር ተራራ በታች ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የእጅ መያዣ) ቀስ ብዬ እለቃለሁ፣ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። እንደገና እመታታለሁ። አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ፍየል እየጠበቀ ይመለከተኝ ነበር። በሦስተኛው እሑድ «ዛሬ አራት ጊዜ ብቻ ነው የጠፋችብሽ» አለኝ። ይቆጥር ኖሯል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የነዳሁት ሻጩ በሰጠኝ ሙሉ ታንከር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጡን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው። ኤጂ 100 ለዚሁ የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ አላት፤ ትንሽ ፓምፕ እየሳበ ለሞተሩ ይሰጣል። በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቼ እመለከታለሁ፤ ዘይቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «የእኔ ሞተር ዘይት አትበላም» ብዬ የተኩራራሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ራሴ ቤንዚን ሞላሁ፤ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ የአላሙራን ተራራ አልፌ ዳገት ስይዝ ድምፅዋ ቀጠነ፤ ጉልበቷም ከዳት። እኔም የነዳጅ መስጫውን ይበልጥ ጠመዘዝኩት። ከዚያ የኋላ ጎማዋ እንደ ተቸነከረ ቀጥ አለ። ፍሪሲዮን መጨበጥ እንዳለብኝ ያወቅኩት ከቆምኩ በኋላ ነው። አስፋልቱ ላይ የአንድ ክንድ ያህል ጥቁር መስመር ቀርቷል። ከኋላዬ መኪና አለመኖሩ ዕድል እንጂ ብልኀት አይደለም።

በጋሪ ጭኜ የወሰድኳት ጋራዥ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ስትሞዪ ዘይት ታደርጊያለሽ?»

«ዘይቱማ ሙሉ ነው ጋሼ፣ ከገዛኋት ጀምሮ አልጎደለም።»

«አለመጉደሉ እኮ ነው በሽታው!»

የሞተሩን ጎን ከፍተው አሳዩኝ። ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ተቆርጦ ጫፉ በቡሎን ተደፍኗል። ቀድሞ የነበረ አንድ ሰው ፓምፑ ሲያስቸግረው ዘግቶት፣ ዘይቱን በእጁ ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ይሞላ ነበር። እኔ ያየሁት ዘይት ለዓመታት ማንም ያልነካው ዘይት ነው። ፒስተኑን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አንደኛው ጎኑ በሽቦ እንደ ተፋቀ ምጣድ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፣ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከቦታቸው ጋር ተጣብቀዋል።

ለሻጩ ደወልኩ፤ በቁጣ። «እኔማ ሁልጊዜ ቀላቅዬ ነው የምሞላት» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «አንቺ አልጠየቅሽኝም።» እውነቱን ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ሊብሬ፣ ስለ ጎማ ጠይቄዋለሁ። ማደያ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ፣ ጠዋት እንዴት እንደሚያስነሣት፣ መጨረሻ ጊዜ ምኑን እንደፈታው ግን አልጠየቅኩም። ያገለገለ ሞተር ከባለቤቱ ልማድ ጋር ነው የሚሸጠው፤ ያ ልማድ ሊብሬ ላይ አይጻፍም። ዛሬ ብገዛ ሻጩ ፊቴ ቤንዚን እንዲሞላ፣ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲያስነሣ አደርገዋለሁ። እጁን እያየሁ። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀኝም እንዲበርድ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ውስጡ ሰፋ፤ ለእርሱ ልክ የሚሆን ፒስተንና ፋሻ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። 14,600 ብር። ከ500 ብሩ ጋር አነጻጽሩት።

ጋሼ ፓምፑን ሊጠግኑልኝ ፈቃደኛ ነበሩ፤ እኔ እምቢ አልኩ። አንዴ የከዳኝን ፓምፕ ከማምን እጄን አምናለሁ። ልጄ ጡት ስትጥል ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረ ጡጦ ነበር፤ ጎኑ ላይ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት። ለአምስት ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ጋሼ የሰጡኝ ልክ ይህ ነው። ዘይቱን አስቀድሜ ታንከሩ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ቤንዚኑ ከላይ ሲወርድ ራሱ ያዋሕደዋል። ማደያው ላይ ጡጦ ከቦርሳዬ ሳወጣ ቀጂዎቹ ይጠቃቀሳሉ። አንደኛዋ ሁልጊዜ «ልጅቷ ራባት?» ትለኛለች።

አዲስ ፒስተን ስለገባላት የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር በዝግታ እንድነዳ ታዘዝኩ፤ ዳገት ላይ እንዳላስጨንቃት፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ እንድቀንስ። በደንብ መንዳት የተማርኩት ያኔ ነው። ጆሮዬ ሥራ ጀመረ፤ ድምፅዋ ሳይቀጥን በፊት ማርሽ መቀነስ ለመድኩ።

ስለ ጠባይዋ ከተነሣ፣ ሰንሰለቷ በቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሲዳማ ቀይ ጭቃ ላይ በክረምት ለነዳ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ባልደረባዬ የራሱን ሞተር ሰንሰለት በየሳምንቱ በናፍጣ ያጥባል፣ እኔ በዐሥር ወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስወጠርኩት። ማቆሚያዋ በግራም በቀኝም አለ፤ ተዳፋት ላይ የትኛውም ጎን ይሁን ታቆማታለህ። ፍሪሲዮን መያዣው ላይ ደግሞ ለሦስት ወር ምን እንደሆነች ያላወቅኳት ትንሽ ብረት ነበረች። ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፦ ፍሪሲዮኑን ጨብጣ የምትይዝ መቆለፊያ ናት። ገበሬው ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ የበረቱን በር እንዲከፍት ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ የትምህርት ቤቱን የቆርቆሮ በር እከፍትበታለሁ፤ ዘበኛው ከመንቃቱ በፊት ስለምደርስ።

የፊቱ መጫኛ ሰባ የሚሆን ደብተር ይይዛል። ኮርቻዋ ግን አጭር ናት፤ ሰው ለማፈናጠጥ ካሰባችሁ ሌላ ፈልጉ። እናቴ ይህንን ስትሰማ «ተመስገን፣ ቢያንስ ልጅቷን አትጭኚባትም» አለች።

ፍሬን ላይ ቅሬታ አለኝ። ሁለቱም ከበሮ ፍሬን ናቸው፤ ውሃ ሲገባባቸው ለጥቂት ጊዜ መያዝ ይሳናቸዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ቁልቁለት ላይ የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ እንደ ሌላው ሞተር ወደ ኋላ አይጎትትም፤ ይንሸራተታል። ሐምሌ ላይ የወደቅኩት በዚህ ነው። ጎርፍ ያለበት ቦይ ተሻግሬ ወዲያው ቁልቁለት ገጠመኝ። የፊት ፍሬን ስይዝ አልያዘም፣ ጠበቅ ሳደርገው ድንገት ያዘ። ፍጥነቴ ከሯጭ ልጅ አይበልጥም ነበር፤ ስፖኪዮ ተሰበረ፣ አንጓዬ ዞረ። የሞተሩን ጎን የሚከልለው ብረት እግሬን ከሥር ከመያዝ አዳነው። አሁን ውሃ በተሻገርኩ ቁጥር ፍሬኑን ለስላሳ አድርጌ ይዤ ትንሽ እየነዳሁ አደርቀዋለሁ።

ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) መጨረስ ትወዳለች፤ ዘይት የሚቀላቀልበት ሞተር ሁሉ እንዲሁ ነው። ኪሴ ውስጥ አንድ ተለዋጭ ካንዴላ፣ መፍቻና የጥርስ ብሩሽ አይጠፉም። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ገዝቼ ነበር። ምን እንደተቀላቀለበት አላውቅም፤ ካርቡራቶሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቧል። ከዚያ ወዲህ ከማደያ ውጭ አልቀዳም፤ ሰልፉ ቢረዝምም ደብተር እያረምኩ እጠብቃለሁ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ 92 ሺህ ብሩ በዐሥር ወር ውስጥ 133 ሺህ ገደማ ሆኗል። ኮሚሽን 1,840፤ ስም ማዞሪያ፣ ምርመራና ሦስተኛ ወገን መድን 6,300፤ ሁለት ጎማ 8,400፤ የሞተሩ ሥራ 14,600፤ ሄልሜትና ጓንት 4,500፤ የፍሬን ሸራ፣ ካቦ፣ ካንዴላና ሌላ ጥቃቅን 5,200። ሞተር ትራንስፖርት ይቆጥባል የሚሉ ሰዎች ከቤንዚን ጋር የተዋወቁት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ስገዛት በአዲስ አበባ ዋጋ አንዱ ሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር፤ ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በወር ሃያ ሁለት ሊትር ያህል ትጠጣለች። ዘይቱ ሲደመር ወጪዬ ሚኒባስና ባጃጅ ይወስዱብኝ ከነበረው አይተናነስም፣ አንዳንድ ወር ይበልጣል። ያተረፍኩት ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው መንገድ ዛሬ አርባ ደቂቃ አይሞላም፤ ልጄን ቁርስ አብልቼ እወጣለሁ።

አዲስ መለማመድ ለጀመረ፣ ብዙ ለማይቸኩል፣ መንገዱ ግማሹ ጭቃ ለሆነበት ሰው ይህችን ሞተር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዲላ ድረስ በአስፋልት ልመላለስ ለሚል ግን አትሆንም፤ ከ70 በላይ ስትሄድ የምትጮኸው ሌላ ነው። ጭሷንም ጎረቤት አይወደውም።

ሰሞኑን ጋሼ ጋራዥ ያገኘሁት ሰው 125 ሺህ ልስጥሽ ብሎኛል። አልሸጥኩም። የኋላው የፍሬን ሸራ ተልሷል፤ ቅዳሜ ይቀየራል። ቦሎዋም ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ ከዚያ በፊት የተሰበረውን ስፖኪዮ መተካት አለብኝ።