ከዲ ኤንድ ዲ ወጥተን ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ከገባን ወራት አለፉ፣ እንዴት ነው?

ከመስቀል ወዲህ አራት ኪሎ ጓደኛችን ቤት እየተሰበሰብን የምንጫወተው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክን ነው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕሪ ይዘህ፣ ታሪኩን እያወራህ፣ ዳይስ እየጣልክ የምትጫወተው ጌም። ከዚያ በፊት የዚሁ ዓይነት ጌም የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ) ነበር፣ አምስተኛው እትም። አብረዋችሁ የሚጫወቱትም ልጆች "ሰለቸን፣ እንቀይር" ማለት ከጀመሩ አንብቡት።

መጀመሪያ ግን ምኑ እንደሰለቻቸው ጠይቁ። ድራገንና አስማቱ ብቻ ከሆነ ደንቡን ሳትነኩ ዓለሙን ቀይሩ፣ ገንዘብ አታውጡ። እኛን የገደለን ውጊያው ነው። ጥቂት ጎብሊን እስክንጨርስ ማታው ያልቃል፤ ተራዬ እስኪደርስ ስልኬን አያለሁ፣ ሲደርስ ደግሞ "ምን ተፈጠረ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ታክሲ የሚጠፋበት ሰዓት ይደርሳል። ኮል ኦፍ ክቱሉ የሚባለውን ሌላ ጌምም አስበነው ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፣ ችሎታህ በመቶኛ ተጽፏል፣ እኩል ወይም በታች ከጣልክ ተሳካልህ። ግን ምርመራ ነው፤ አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ፍንጩ ያመልጠዋል። እኛ ጋ ደግሞ ሰው የማይቀርበት ሳምንት የለም።

ብሌድስ በ2017 የወጣ የጆን ሃርፐር ሥራ ነው። ፀሐይ በሌላት፣ መናፍስት በሞሉባት ዶስክቮል በምትባል ከተማ የሌባ ቡድን ሆናችሁ ትጫወታላችሁ። አንድ ማታ፣ አንድ ሥራ። የቀረውን ሰው "ሌላ ጉዳይ ይዞታል" ብሎ ማለፍ ነው። ዳይሱ ባለ ስድስት ፊት ብቻ ስለሆነ ከሉዶ ሳጥን አውጥተን ጀመርን፣ ዲ ኤንድ ዲ የሚፈልገውን ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ መጠበቅ ቀረ። ከጣልከው ውስጥ ትልቁን ትወስዳለህ፦ 6 ከሆነ ተሳካ፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ተሳካ ግን መዘዝ አለው፣ ከዚያ በታች ጉድ ፈላ።

ነፍስ ያለው ፍላሽባኩ ነው፣ ሥራው መሃል ሆነህ "ይሄን አስቀድሜ አድርጌዋለሁ" ብለህ ወደ ኋላ መመለስ። ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ማቀድ የለም፣ ዘላችሁ ሥራው መሃል ትገባላችሁ። ባለፈው አንድ ሀብታም ግቢ ስንገባ ዘበኛው ፊት ለፊት ተገተረ። ሁላችንም ዝም። ከመሃላችን አንዷ "እኔ እኮ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ትናንት አብረን ጠጥተናል፣ የልጁንም የትምህርት ቤት ከፍዬለታለሁ" አለች። ካላት 9 ስትሬስ (ለእንዲህ ያለ ነገር የሚከፈል ነጥብ) 2ቱን ከፍላ ዳይስ ጣለች፣ 5 ወጣ። ዘበኛው አሳለፈን፤ ግን "ከዛሬ ጀምሮ ድርሻዬን" አለ። ይኸው እስካሁን አልለቀቀንም፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ማግስት እንደ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ይመጣል። ማንም አስቀድሞ ያልጻፈው ሰውዬ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ሁለት ዳይስ ስትጥል ከ36ቱ ዕድል በ16ቱ ትልቁ 4 ወይም 5 ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ መዘዝ ይፈልጋል፣ መዘዙን የሚፈጥረው ጌም ማስተሩ (ታሪኩን የሚመራው ልጅ) ነው። በዲ ኤንድ ዲ ቤቱ ተዘጋጅቶ ይመጣ የነበረው ልጅ አሁን ሳይዘጋጅ ይመጣል፣ ግን ወደ ማታው መጨረሻ ጭንቅላቱ ይደርቃል። እኛ እናግዘዋለን፤ "ፋኖሱ ይውደቅ!" "ውሻው ይንቃ!" እያልን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። "ይሄ እንዴት ዴስፐሬት (በጌሙ ከሁሉም አደገኛው ሁኔታ) ይሆናል?" የሚል ክርክርም አለ፣ ቀላል አይደለም፣ አንዳንዴ ቡናው እስኪፈላ ይቆያል።

ደግሞ ሁሉም አልወደደውም። ካሬ እየቆጠረ መዋጋት የሚወደው ጓደኛችን ዛሬም "ውጊያው በአንድ ጣል አለቀ? በቃ?" ይላል። እውነቱን ነው። ሌቭል መውጣትና ታክቲክ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ይሄ ጌም አይሆናችሁም፣ ባታስቡትም ይሻላል።

መግዛት ያለበት ጌም ማስተሩ ብቻ ነው፣ ያውም ከወደዳችሁት በኋላ። የደንቡ ዋና ክፍልና የገጸ ባሕሪ ወረቀቶቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፤ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ አትማችሁ ጀምሩ።