የእናቴን እንቅልፍ ለመለሱልን ዶክተር

እማዬ ትናንት ደብረ ብርሃን ቤቷ ገባች። ተመስገን! ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ህሊናዬ አያርፍም።

ሆዷን አሟት አልትራሳውንድ ስትታይ ጉበቷ ላይ አንድ ነገር አለ ተባለ። አዲስ አበባ አምጥቼ ሲቲ ስካን አስነሳኋት። ሪፖርቱ «ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰድ» ይላል። ውጤት የሚሰጠው ልጅ ፖስታውን በመስኮት ወርውሮልን «ቀጣይ!» አለ። ምን ማለት ነው ብል የሚመልስልኝ ጠፋ። የስካኑ ምስል ያለበትን ሲዲ ይዘን ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያ ደግሞ ገና ሳንቀመጥ «ምንም የለባትም፣ ይዘሃት ሂድ» ተባልን። ማንን እንመን? ሁለት ሳምንት ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እማዬ እህል አልቀምስ አለች። «አገሬ ውሰደኝ፣ እዚያው ልሙት» ትለኝ ነበር።

እኚህን የራዲዮሎጂ (ራጅና ስካን አይተው የሚያነቡ) ሐኪም የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሪፖርቱን ስሰጣቸው ወደ ጎን አደረጉት። «በኋላ አነበዋለሁ፣ መጀመሪያ ሲዲውን» አሉኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «እማማ፣ ከዚህ በፊት ሆድዎን ተነስተው ያውቃሉ?» አሏት። እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቀን ሰው የለም! ለካ የዛሬ 5 ዓመት ለኩላሊት ጠጠር ተነስታ ነበር። ወንድሜ ፊልሙን ከሳጥኗ ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ አገኘው። በማግስቱ በአውቶቡስ ላከልን።

ዶክተሯ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አደረጉ። እማዬን ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። በእስክሪብቶ እያሳዩ «ይኸውልዎት፣ ያኔም 2 ሳንቲ ሜትር፣ ዛሬም 2። ካንሰር ቢሆን 5 ዓመት ዝም ብሎ አይቀመጥም» አሏት። ሄማንጂዮማ ይባላል፣ የደም ሥሮች እብጠት ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል አሉን። መርፌ ቢነካው ሊደማ ስለሚችል ናሙና አለመወሰዱም ደግ ሆነ። የቀረውን የሕክምና ቋንቋ እኔ አልገባኝም። ሌሎቹን ሐኪሞች ደግሞ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም፣ «አሮጌውን ፊልም ስላላዩ ነው» ብቻ አሉ። ሕመሟ የጨጓራ ሆኖ መድኃኒት ጀመረች።

እማዬ እጃቸውን ልትስም ስትል «ኧረ እማማ፣ እኔ ነኝ የምስምዎት» ብለው ጎንበስ አሉና ጉልበቷን ሳሙት። እኔ ያኔ አለቀስኩ።

ሁለት ቦታ ሁለት ነገር የተነገራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እኚህን ሐኪም አግኟቸው። አሮጌ ፊልምና ሲዲ አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አድራሻቸውን እልካለሁ። በእውነት አግኟቸው!

ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እማዬ ዛሬ ጠዋት ደውላ «ለዚያች ልጄ ቅቤ ላነጥርላት ነው፣ በማን ልላክላት?» አለችኝ።