የሺማኖ የኋላ ሞዞ ከ13 ወር አገልግሎት በኋላ

መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ለብስክሌቴ የኋላ ቸርኬ አዲስ የሺማኖ ሞዞ፣ ማለትም በቸርኬው መካከል ሆኖ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን ክፍል፣ ገዝቼ አስገጠምሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ከቤቴ ወደ ሥራ ደርሶ መልስ በየቀኑ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምነዳ፣ በእነዚህ 13 ወራት በእኔ ግምት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተሽከርክሯል። ዕቃው ተራ ነው፤ 36 የሽቦ ቀዳዳ አለው፣ የኋላው ሹካ ውስጥ 135 ሚሊ ሜትር ስፋት ይይዛል፣ የሚታሰረውም በእጀታ በሚቆለፍ ማጥበቂያ ነው። ከመግዛቴ በፊት ያነበብኋቸው አስተያየቶች ዕቃው በተገዛ ሰሞን የተጻፉ ስለነበሩ ብዙም አልጠቀሙኝም። እኔ ሞዞው አንድ ክረምት እስኪያሳልፍና ሦስት ጊዜ እስኪፈታ ድረስ ሳልጽፍ የቆየሁት ለዚህ ነው።

ወደዚህ ሞዞ የገፋኝ የቀድሞው ነው። በእሱ ላይ የኋላ ጥርሶቹ እንደ ቡሎን ተጠምዝዘው የሚገቡ፣ ፍሪዊል የሚባለው ዓይነት ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ፔርኖው፣ ማለትም ቸርኬው የሚዞርበት ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። ምክንያቱ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። በፍሪዊል ሞዞ ላይ የቀኝ በኩል ኩሽኔታ የሚቀመጠው ከጥርሶቹ ወዲያ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ ከኩሽኔታው እስከ ሹካው ያለው የፔርኖ ክፍል ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሚታጠፈውም እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦሳካ አውራጃ፣ ሳካይ ከተማ ውስጥ የተመሠረተው ሺማኖ ሥራውን የጀመረው ፍሪዊል በማምረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ፍሪሀብ የተባለውን አሠራር አወጣ። በዚህኛው፣ ፔዳል ሳይረገጥ ቸርኬው እንዲዞር የሚያደርገው ነፃ ተሽከርካሪ ክፍል የሞዞው አካል ሆኖ ስለሚሠራ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውጭ፣ ወደ ሹካው ጫፍ ተጠግቶ ይቀመጣል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በእኔ ብስክሌት ላይ ግን በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ፔርኖው እስከ ዛሬ ቀጥ እንዳለ ነው።

ውስጡ ውስብስብ አይደለም። በየጎኑ የሩብ ኢንች ስፋት ያላቸው 9 የብረት ኳሶች፣ በጠቅላላው 18፣ ሞዞው ውስጥ ባለ ጎድጓዳ መቀመጫ ላይ ተደርድረዋል፤ ከላይ ደግሞ ኮን የምንለው ሾጣጣ ዳዶ ይጫናቸዋል፤ ኮኑ እንዳይላላ ሌላ ዳዶ ከውጭ ይቆልፈዋል። ኳሶቹ ከተደረደሩ በኋላ ለአሥረኛ ኳስ የሚሆን የሚመስል ክፍተት ይታያል፤ መጨመር አይገባም፣ እርስ በርስ ይፋተጋሉና።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈታው ታኅሣሥ 2017 ላይ ነው። ጥርሶቹ የሚያሰሙት ድምፅ ስለበዛብኝ መንገድ ዳር ለሚሠራ አንድ ጠጋኝ ሰጠሁት፤ እሱም በቅንነት ለመኪና ጎማ የሚሆነውን ወፍራም ግራሶ ፍሪሀቡ ውስጥ ጠቅጥቆ መለሰልኝ። ድምፁ ጠፋ፣ እኔም አመስግኜ ከፈልሁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ፔዳሉን ብረግጠው በባዶው ዞረ። ፍሪሀቡ ውስጥ በስስ ሞላ እየተገፉ ጥርስ የሚነክሱ ትናንሽ የብረት ጥፍሮች አሉ፤ ወፍራም ግራሶ በብርድ ሲረጋ ጥፍሮቹ በተኙበት ተጣብቀው ይቀራሉ። ከኋላዬ ባጃጅ አለመኖሩ ዕድሌ ነው። ለኳሶቹ ወፈር ያለ ግራሶ ያስፈልጋል፤ ለጥፍሮቹ የሚስማማው ግን ቀጭን ዘይት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ለይቼ እጠቀማለሁ።

ሁለተኛው መፈታት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በራሴ እጅ የተደረገ ሲሆን፣ ከጠጋኙ ስሕተት የባሰውን የሠራሁትም ያኔ ነው። ቸርኬውን ይዤ ወደ ጎን ስነቀንቀው ጥቂት ስለተንቀሳቀሰብኝ ኮኑን ጨርሶ እስኪረጋ ድረስ አጠበቅሁት። ብስክሌቱ ላይ ሳስረው ዝም አለ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ። የቀረውን ክረምቱ ጨመረበት። ሐምሌ ውስጥ ጭቃው ሲበዛብኝ ብስክሌቱን ላቫጆ ወስጄ ግፊት ባለው ውኃ አሳጠብሁት፤ ውኃው በቀጥታ የተለቀቀውም ሞዞው ላይ ነበር። በፔርኖው ዙሪያ ያለው ጎሚኒ አቧራንና ከመንገድ የሚረጨውን ውኃ ይመልሳል፤ ከላቫጆ ቱቦ የሚወጣውን ግን የሚችለው አይደለም።

መስከረም 2018 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታው ግራሶው ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ግራሶ እንዲህ ሲነጣ ውኃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ኳሶቹን በአንድ ስኒ ሰብስቤ፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ ላይ ዘርግቼ ብቆጥር 17 ሆኑ። ምንጣፉን አነሣሁ፣ የሶፋውን ሥር በስልኬ መብራት ፈተሽሁ፣ ሞዞውንም ደግሜ አየሁ፤ የለም። ማታ ላይ የስድስት ዓመቱ ልጄ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ብይ መስሎት ነበር፣ ከብርጭቆዎቹም ይልቅ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ነገረኝ። መልሼ አልተቀበልሁትም፤ አሮጌዎቹን ከአዲስ ማደባለቅ ስለማይገባ 18ቱንም በአንድ ጊዜ ቀየርሁ። እነዚህ ኳሶች ከሁሉም የሚረክሱ ክፍሎች ናቸው።

ውድ የሆነብኝ ኮኑ ነው። ኮንን ለመመርመር የእስክሪብቶ ጫፍ ይበቃል፤ ኳሶቹ በሚዞሩበት መሥመር ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ የሚያብረቀርቅ ለስላሳ መሥመር ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ጫፉ ነካ እያደረገ የሚያልፍባቸው ጉድጓዶች ካሉ ግን አልቋል። የቀኙ ጤነኛ ነበር። የግራው፣ ግንቦት ላይ ያጠበቅሁት፣ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሎ ነበር። ኮን ለብቻው ይቀየራል፤ ጎድጓዳው መቀመጫ ግን ከሞዞው ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ እሱ ከተበላ ሞዞው በሙሉ ይጣላል። ጣቴን አስገብቼ ስዳስሰው ለስላሳ ሆኖ ሳገኘው ነበር ትንፋሼ የተመለሰው። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ሞዞው ሲያጉረመርም እየሰሙ «እስኪብስ ይቆይ» ማለት የኮንን ዋጋ ወደ ሙሉ ሞዞ ዋጋ መለወጥ መሆኑን ነው። ለማወቅም መፍታት አያስፈልግም፤ ጎማውን አንሥቶ እያዞሩ በሌላው እጅ የብስክሌቱን አካል መያዝ ይበቃል፣ የተበላ ኮን ንዝረቱ እጅ ላይ ይሰማል።

አሁን ግንቦት ላይ ያልገባኝን ልግለጽ፤ የዚህ ሞዞ ጥገና ዋናው ምሥጢር እሱ ነውና። ፔርኖው ውስጡ ክፍት ነው፤ በመካከሉ የሚያልፈው ማጥበቂያ ሲቆለፍ ሁለቱን ጫፎች ጨምቆ ፔርኖውን በጣም በጥቂቱ ያሳጥረዋል፤ ኮኖቹም በዚያው መጠን ወደ ኳሶቹ ይጠጋሉ። ስለዚህ ጎማው እጅ ላይ ሳለ ልክ የሆነ ሞዞ፣ ብስክሌቱ ላይ ሲታሰር ከልክ በላይ ይጠብቃል። ትክክለኛው አስተካከል እጅ ላይ ሳለ ጥቂት መነቅነቅ እንድትቀር፣ እሷም እጀታው ሲቆለፍ እንድትጠፋ ማድረግ ነው። የቀኙን ጎን ሳልነካ ከግራው ብቻ፣ በ15 ሚሊ ሜትር ስስ ቁልፍ ኮኑን ይዤ በ17ቱ ውጫዊውን ዳዶ እያጠበቅሁ ስሞክር፣ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ አንድ ደቂቃ የምትሄደውን ያህል ማዞር ልዩነት ያመጣ ነበር። ዳዶው ሲጠብቅ ኮኑን አብሮ ይወስደዋል፤ ያን አስቀድሞ ገምቶ ኮኑን መልሶ ማላላት ያስፈልጋል። ሰባት ጊዜ አስሬ ፈታሁ። በስምንተኛው ጎማውን አንሥቼ ብለቀው የአየር መሙያው ጫፍ በክብደቱ ወደ ታች እስኪመጣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቆይቶ ረጋ፤ ስነቀንቀውም አልተንቀሳቀሰም።

ሁለቱ ስስ ቁልፎች ለሞዞው ከከፈልሁት ግማሹን ያህል ወስደውብኛል፤ ተራ ቁልፍ ግን ወፍራም ስለሆነ በኮኑና በዳዶው መካከል አይገባም። ካሴቱን፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹን ስብስብ፣ ለማውለቅ ደግሞ የራሱ መፍቻ አለው፤ እሱን ከጎረቤት ተዋስሁ። ወርክሾፕ ሩቅ ለሆነበት ወይም እጁን ግራሶ መንካት ለማይወድ ሰው፣ ተዘግቶ የሚመጣና ሲያልቅ በሙሉ ተነቅሎ የሚቀየር ኩሽኔታ ያለውን ሞዞ እመክራለሁ። እኔ ግን ልኩን የጠበቀ ምትክ ኩሽኔታ ከመፈለግ ይልቅ ማንኛውም ሱቅ ያለውን የሩብ ኢንች ኳስ መግዛት ይቀለኛል።

አሁን የሚያሳስበኝ ፍሪሀቡ ነው። አምራቹ ይህን ክፍል እንዲፈታ ብሎ ስላልሠራው፣ የጠጋኙን ግራሶ ከኋላ በጎሚኒው ሥር ቀጭን ዘይት እያንጠባጠብሁ ነው ያጠብሁት፤ ጥፍሮቹ ይነክሳሉ፣ ሳልረግጥ ስነዳ ግን ድምፃቸው እንደ ዱሮው እኩል አይደለም፣ አንዳንዴ አንዱ ይዘላል። በ10 ቁጥር ብሩጎላ በሚፈታ አንድ ወፍራም ቡሎን ብቻ ስለተያዘ በሙሉ መቀየሩ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ እስከ ጥር ካልተሻለው እቀይረዋለሁ።